መሸኛ

የሰቆጣ ልጅ ነኝ። አምና ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታ ኑሮዋን አደረገች፤ የነዋሪነት መታወቂያ እንድታወጣም ወደ ወረዳው ይዣት ሄድሁ። አዳራሹ ጽዱ ነው፤ ወረፋ በቁጥር ይጠራል፤ ሠራተኛዋም ትሑት ናት። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰቆጣ መሸኛ።

መሸኛ የቀድሞው ቀበሌ «ለቅቃለች» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ሰቆጣ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተያዘች ወዲህ ግን የእህቴ ስም የሰፈረበት መዝገብ የለም። ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፤ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከ1995ቱ ቻርተር ወዲህ በከተማይቱ ክፍለ ከተሞች ተዋቀሩ፤ ቢፒአር መጣ፤ ቀበሌው በወረዳ ተተካ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ። አልነቅፍም፤ የድሮውን የቀበሌ ደጅ ጥናት አልረሳሁምና። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማሻሻያ የሚያፋጥነው ቀድሞውንም ወረቀት ያለውን ሰው ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ እህቴም የፋይዳ ቁጥር አላት፤ መንግሥት በጣት አሻራዋ ያውቃታል። ወረዳው ግን የሚያምነው መዝገብ የሌለውን የቀበሌ ማኅተም ነው።

ቀበሌው «ሦስት ምስክር ይዘሽ ነይ» ብሏታል። በመጪው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ትሳፈራለች።