የሚሸጥ የአደን ርስት

በመቀሌ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በመንገደኞች መጠበቂያ አዳራሽ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ተጓዥ ወንበር ላይ ትቶት የሄደ የውጭ አገር መጽሔት እጄ ገባ። ገጹን ስገልጥ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት የሚገኝ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ርስት ለሽያጭ መቅረቡን የሚገልጽ ማስታወቂያ አየሁ። ሜዳው፣ ጫካው፣ ሐይቁ፣ የእንግዳ ቤቱና በአጥር ውስጥ ያሉት አጋዘኖች በአንድነት ለገበያ ቀርበዋል።

ከጎኔ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ሥዕሉን ተመልክተው ምንነቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ውሃውም አብሮ ይሸጣል? የጎረቤት ከብትስ የት ይጠጣል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሊወጣ አይችልም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ይሁን እንጂ መሬቱ ባይሸጥም ግዳዩ ሲሸጥ ኖሯል። በባሌና በአርሲ ደጋ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አዳኝ ፈቃድ አውጥቶና ዋጋ ከፍሎ የደጋ አጋዘን ቀንድ ይዞ ይመለሳል።

ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዱር አይገኝም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1910 በሳይንስ መዝገብ ሲሰፍር የተሰጠው ስም የገደለው የእንግሊዛዊው አዳኝ፣ የበክስተን ስም ነው።

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ከዓመታት በፊት በደረስኩት ተውኔት ውስጥ አንድ ጀግና አንበሳ ገድሎ ሲፎክር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የፉከራው ስንኝ የእኔ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ የአንዲት ተዋናይት ትንሽ ልጅ፣ «አንበሳው ምን አድርጎ ነው?» ብትለኝ ሳቅሁባት። ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው በሚሞገስበት ሥርዓት የተወረሰውን ቃል ሳልመረምር መድረክ ላይ እንዳወጣሁት የገባኝ ግን አሁን፣ በአዛውንቱ ጥያቄ ፊት ነው።

የቴክሳሱን አጥር በጅምላ ማውገዝም ፍትሕ አይሆንም። ከዱር ጠፍቶ የነበረው የሰሃራ ሳላ ዘሩ ከተረፈባቸው ስፍራዎች መካከል እንዲህ ያሉ የግል ርስቶች ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም በቻድ ወደ ዱር መመለስ ጀምሯል። የአደን ገንዘብም ከአውሬው ጎን ለሚኖረው ገበሬ በእርግጥ ከደረሰ ጫካውን ሊያስጠብቅ ይችላል። ነገር ግን ያ ገበሬ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ሊጠየቅ ይገባል። አዛውንቱ ያነሡት ይህንኑ ነው።

ወደ አውሮፕላኑ ስናመራ ቀና ብዬ የማረፊያውን ስም አነበብኩ። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ድል ያደረጉት ራስ አሉላ «አባ ነጋ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በክስተን ስሙን ለገደለው አውሬ አወረሰ፤ አሉላ ግን አብሯቸው ከዘመተ ፈረስ ስም ወረሱ። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች ክብርን ከግዳይ ብቻ ስንቆጥር ኖረናል። ያንን ፉከራ እንደገና ልጽፈው ወስኛለሁ፤ በዚህኛው ግን የልጅቱ ጥያቄ መድረክ ላይ ይሰማል።