ጥሩምባው ሳይነፋ ነጠላዋን የገለበጠችው ሴት

የአዳማ ሙቀት እንቅልፍ ሲነሳኝ የማነበው ስለ ግድያ ነው። አይክፋባችሁ፤ በር የሚያስቆልፍ፣ ደም የሚረጭበት ዓይነት አይደለም። እንግሊዝ ገጠር ውስጥ፣ አበባው በደመቀ ግቢ፣ መንደሩ በሙሉ የሚጠላው አንድ ሰው ሞቶ ይገኛል። ከዚያ መንደርተኛው ሻይ እየጠጣ፣ ኬክ እየቆረሰ፣ ጎረቤቱን እያማ ገዳዩን ያፈላልጋል። እኔ ደግሞ ጋደም ብዬ እስቃለሁ። «ሰው ሞቶ ምን ያስገለፍጥሃል?» የሚል ጥያቄ ቤት ውስጥ ተነስቶብኛል። ጥያቄው አግባብ ስላለው እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

መንገዱን የጠረገችው አጋታ ክሪስቲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመችው ልብ ወለድ ሚስ ማርፕል የምትባል ያላገባች አሮጊት ሴንት ሜሪ ሚድ በተባለች የፈጠራ መንደር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። እሷ ግን የተጠርጣሪውን አኳኋን ስታይ ድሮ ሰፈሯ የነበረ አንድ ተላላኪ ወይም አንዲት የቤት ሠራተኛ ትዝ ይሏታል፤ የሰው ጠባይ የትም ያው ነውና ከዚያ ተነስታ እውነቱ ላይ ትደርሳለች። ላብራቶሪ የለ፣ ሽጉጥ የለ። ሙያዋ ዕድሜ ልኳን ጎረቤት መታዘቧ ነው።

የአሁኖቹ ጸሐፊዎች ይህንኑ ወስደው ሳቁን አበዙት። ስኮትላንዳዊቷ ኤም. ሲ. ቢተን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረችውን የአጋታ ሬዚንን ታሪክ እንውሰድ። ለንደን ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ የከበረች፣ ምግብ ማብሰል ግን የማይሆንላት ሴትዮ ሥራዋን ትታ ገጠር ትገባለች። ጎረቤት እንዲወዳት ስትል በመንደሩ የኪሽ ውድድር ትመዘገባለች። ኪሽ እንቁላልና አይብ በሊጥ ውስጥ ተደርጎ የሚጋገር ምግብ ነው። እሷ ከለንደን ሱቅ ገዝታ «እጄ ነው» ብላ ታቀርባለች። ዳኛው ያንን በልቶ ይሞታል። እንግዲህ ነፍሰ ገዳይ ላለመባል «ከሱቅ የገዛሁት ነው» ብላ ማመን ሊኖርባት ነው።

እስቲ ወደ እኛ ሰፈር አምጡት። ለማኅበር ዝክር ከሆቴል ያስመጣችውን ዶሮ ወጥ «ሽንኩርቱን ሳቁላላ አደርኩ» ብላ ያቀረበች ሴት ብትነቃባት ምን ይዋጣት ነበር? ግድያው በሽምግልና ሊያልቅ ይችላል። የዶሮው ነገር ግን ሰባት ትውልድ ይወርሳል።

ሳቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ሞት ትልቁ ነገር ሆኖ ሳለ መንደርተኛው ትንንሹን ነገር አይለቅም። ሪቻርድ ኮልስ፣ መጀመሪያ የፖፕ ሙዚቀኛ በኋላ የአንግሊካን ቄስ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የመጀመሪያ የወንጀል ልብ ወለዱ ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሽንት ቤት ይሠራ፣ አይሠራ በሚል ለሁለት ተከፍለው እንዳሉ ነው ሬሳ የሚገኘው። ሳነበው ያለፈው የእድር ስብሰባችን ፊቴ ላይ መጣ፤ አግዳሚው በፕላስቲክ ወንበር ይተካ፣ አይተካ በሚለው ስንነታረክ መሽቶ ነበር። ከካሮላይን ግሬም ልብ ወለዶች ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው «ሚድሶመር መርደርስ» የቴሌቪዥን ተከታታይ ደግሞ ከዓመት ዓመት አዲስ የአሟሟት ዘዴ ሲፈልግ ቆይቶ አንዷን ሟች በትልቅ ክብ አይብ አስጨፍልቋታል። አይብ! የእኛ አይብ እንኳን ሰው ሊገድል ክትፎውንም አይጫነው።

ሪቻርድ ኦስማን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውና በሚሊዮን ኮፒ የተሸጠው «የሐሙስ የግድያ ክበብ» ከሁሉም ለእኔ ይቀርበኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ፊልም ሆኖ ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ኬንት ውስጥ ባለ የጡረተኞች መንደር አራት ሽማግሌዎች ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ፖሊስ የተዋቸውን ያረጁ የግድያ መዝገቦች ያገላብጣሉ። አንዷ የቀድሞ ሰላይ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የአእምሮ ሐኪም፣ አንዱ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበሩ። ፊታቸው ላይ መጨማደድ እንጂ ሌላ የማያይ ሰው ሁሉ ይሸወዳል።

ይህን ወንጂ ላይ አስቡት። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በአዋሽ ዳር የሸንኮራ እርሻውን አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር በየካምፑ የተደረደሩ ቤቶችም አብረው በቀሉ። እዚያ ያደገ ሰው የማን አባት በየትኛው ክፍል እንደሠራ፣ ማን ከማን ጋር በምን እንደተኳረፈ በቃሉ ያውቃል። ዕድሜያቸውን ስኳር ሲያፈሉ የኖሩ አንድ ጋሼ፣ የካምፑ ክሊኒክ ነርስ የነበሩ አንዲት እትዬ፣ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ አንድ ቴሌግራፈኛ፣ በሠራተኛ ማኅበር ሲሟገቱ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ዳማ እየተጫወቱ ይቀመጡ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ይሞታል፤ ከውጭ ሀገር መጣሁ የሚል ጎልማሳም «የሟቹ ልጅ ነኝ፣ እዚሁ ካምፕ ተወልጄ አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ኖሬያለሁ» ብሎ ቤቱን ሊወርስ ይመጣል። የልደት ካርዱ ልክ ነው። የጎረቤት ስም እየጠራ ያለቅሳል። እትዬ ነርሷ ግን ዳቦ ቆርሰው እየሰጡት ሲስቅ ያዩታል፤ ጥርሱ ወተት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርሱ ገና ሳይወጣ ያንን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ካደገ በኋላ የመጣ ሰው ግን አይነካውም። ወንጂ ያደግን ብዙዎቻችን ፎቶ ስንነሳ ከንፈራችንን የምንገጥመው ለዚህ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ አሥር ሕጎች ጽፎ ነበር፤ አንዱ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢም ይታይ ይላል። ጥርስ ደግሞ ለሁሉም ይታያል። «አሠርቶትስ እንደሆነ?» ያላችሁ፣ ጎበዝ፤ መጽሐፉ ሦስት መቶ ገጽ የሚሆነው በእናንተ ምክንያት ነው።

ወደ አዳማ እንመለስ። ከተማዋ ሰፍታለች፣ ኮረብታዋ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ፣ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል። ፍራንኮ ሰፈርም ብትሉ ቦኩ፣ ኑሮው ግን የሚያዘው በሰፈር ነው፤ ሰፈሩን የሚይዘው ደግሞ እድር። ለቀብር ያልመጣ አባል ይቀጣል። ስም ይጠራል፣ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል። የእንግሊዙ መርማሪ «በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?» እያለ የመጽሐፉን ግማሽ የሚለፋበትን የእኛ እድር ጸሐፊ ገጽ ገልጦ ያሳያችኋል።

አንድ ፍንጭ ልጨምር። ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በየመንገዱ እየዞረ እገሌ ማረፉንና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሴቶች ያን ጊዜ ነጠላቸውን ለለቅሶ ገልብጠው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ይወጣሉ። እንግዲህ አንዲት ጎረቤት ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጥለቷን ወደ ላይ አድርጋ ስታልፍ ታየች እንበል። ማን ነገራት? ለማንስ ነው የምታለቅሰው? ይህን ያዩት በረንዳቸው ላይ ከሰል ሲያያይዙ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ፖሊስ ሲጠይቃቸው ዓይኔ ደክሟል ይላሉ። ቡና ሲፈላ አቦል ላይ ዝም፣ ቶና ላይ ዝም። በረካው ሲቀዳ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው ይጀምራሉ። በአማርኛ የጀመሩትን በአፋን ኦሮሞ ጨርሰው ስኒያቸውን ሲያስቀምጡ ነገሩ ተፈትቷል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ጥሬ ዕቃ እያለን የእኛ የወንጀል ንባብ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን እየተረጎሙ አንባቢ አሳደዱ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» አስመራን በሰላይና በካድሬ ሞላት። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን በአማርኛ አስለመደ። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን ተሻምተን ያነበብን ብዙዎች ነን። ሁሉም ላይ ግን ምስጢሩን የሚፈታው መንግሥት፣ ሹም ወይም መሣሪያ የታጠቀ ሰው ነው። ቡና አፍልታ የምትፈታው ጎረቤት ገና ወንበር አልተሰጣትም።

«እኛ በሞት አንቀልድም» የሚል መልስ ሰምቼ አላመንኩበትም። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያመሸ ሰው ያውቃል። ከቀብር ማግስት ሰዉ ካርታ ይጫወታል፣ ሟቹ በሕይወቱ የሠራው ጉድ ይወራል፣ የሚስቀው ሰው ፊቱን በጋቢ ይሸፍናል። ሐዘንተኛዋ ራሷ ስትስቅ አይቻለሁ። ለሳቁስ እኛም አናንስም።

የሚያንሰን ሌላ ነው። በእንግሊዙ መንደር ሰው ሲሞት ሁሉ ነገር ይቆማል። ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ይናገራል፣ መርማሪው ቤት ለቤት ያንኳኳል፣ አሮጊቷ አትተኛም። አንባቢው ጋደም ብሎ የሚስቀው መጨረሻው ላይ መልስ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ጋ በእነዚህ ዓመታት በኦሮሚያ መንገዶች ላይ ስለታገተና ስለተገደለ ሰው ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት አካባቢ?» ብለን ነው፤ በዚያ ላለመሄድ። ቀጥሎ «ስንት ናቸው?» እንላለን። «ማን ገደለው?» ብሎ እስከ መጨረሻው የሚጠይቅ ግን የሟቹ እናት ብቻ ናት። ይህን ተሸክሞ በግድያ ላይ ቀልድ መጻፍ የሚከብደው ደራሲ አይፈረድበትም።

ግን ጥያቄው ለሀገራችን ገጠር እንግዳ አልነበረም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «አፈርሳታ» የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ መንደሩ አጥፊውን ሲፈልግ የሚያሳይ ነው። አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ልብ ወለድ አይደለም፤ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ነበር። እርሻ ይቆማል፣ ገበያ ይቀራል፣ የቀረ ይቀጣል። አጥፊው ካልተገኘ ካሳውን ሁሉም ያዋጣል። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ንጹሑም አብሮ ይቀጣል፣ በምስጢር የሚሰጥ ቃልም ለቂም መወጫ ይመቻል። ይመለስ የሚል የለም። አንድ ነገሩን ግን እወድለታለሁ፦ ጉዳዩ የተጎጂው ብቻ አልነበረም።

ለቤቴ ጥያቄ መልሴም እዚያው ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ በእነዚህ መጻሕፍት የሚሞተው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወደድ አይደለም። ስግብግብ ነው፣ ነገረኛ ነው፣ የጎረቤቱን አጥር የገፋ ነው። መንደሩ በሞቱ ብዙም አያዝንም፤ ግን «ማን ገደለው?» ማለቱን አይተውም። የእኛ እድር አባሉን ወዶም ጠልቶም ይቀብራል፤ እነዚህ መጻሕፍት ደግሞ ወደውም ጠልተውም ይጠይቃሉ። እኔን የሚያስቀኝ ኪሹና አይቡ ነው፤ አንብቤ ስጨርስ እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን ለዚያ ለተጠላ ሰው እንኳ መልስ ስለተገኘለት ነው።

የአማርኛ ደራሲዎች ሆይ፣ የእድር ጸሐፊዋን መርማሪ አድርጋችሁ አንድ መጽሐፍ ጻፉልን። አስቁን፤ ገዳዩን ግን ሳታሳዩን እንዳትጨርሱ። እናንተም አንባቢዎች፣ በሰፈራችሁ ምስጢር ቢኖር መጀመሪያ ማንን ቡና ትጠሩ ነበር? ስም ሳትጠቅሱ ንገሩኝ፤ እሳቸውም ፌስቡክ ላይ አሉ።