የምጣዱ መስመር

በእኛ አገር ቤት ሲሸጥ ገዢ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ካርታው ንጹሕ ነው ወይ? ዕዳና እገዳ የለበትም ወይ? መብራቱ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከጎረቤት ጋር ነው? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ የቀረው የዋጋ ክርክር ነው። ከግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ማን ዘረጋው ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ለንደን አጎቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ጋሼ ልጆቻቸው አድገው ስለወጡ ቤቱ ሰፍቷቸው፣ ሸጠው ወደ አነስተኛ ቤት ሊገቡ ተነሥተው ነበር። አንድ ማታ ጠበቃቸው የላከችላቸውን ቅጽ አመጡና፣ «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ እያነበብክ ሙላልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። ሻጭ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ለገዢ የሚገልጽበት ቅጽ ነው። አጥሩ የማን ነው? ከጎረቤት ጋር ክርክር አለ ወይ? እያልን ወርደን አንድ ጥያቄ ላይ ደረስን፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2005 ወዲህ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ተሠርቷል ወይ? ከተሠራ ሰርቲፊኬቱ ይያያዝ።

ጋሼ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብለው አዩና፣ «ምጣዱ!» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምጣድ አስመጥታ ነበር። የእንግሊዝ ሶኬት የሚችለው 13 አምፒር፣ ማለትም 3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የአክስቴ ምጣድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። አንድ ቀን ሊጥ ምጣዱ ላይ እንዳለ ሶኬቱ ቀለጠ። ጋሼ ተግባረ ዕድ የተማሩ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ቅዳሜ ከፊውዝ ሳጥኑ ተነሥተው ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ወፍራም ገመድ ዘረጉ። ከዚያ በኋላ እንጀራ ያለ ችግር ተጋገረ።

ዳሩ ግን በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቤት ውስጥ አዲስ መስመር የሚዘረጋ ሰው፣ ለአካባቢው ምክር ቤት የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል አስቀድሞ ማሳወቅ ወይም ሥራውን ራሱ ማረጋገጥ እንዲችል በተመዘገበ ባለሙያ ማሠራት አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የአንዲት የፓርላማ አባል ልጅ ለንደን ውስጥ በወጥ ቤቷ በኤሌክትሪክ ሞታለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የብረት ዕቃ ማስቀመጫ ብሎን፣ ውስጥ ለውስጥ በሰያፍ የተዘረጋ ገመድ አግኝቶ ነበር።

እኔ ግን ያን ማታ ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት። «ጋሼ፣ ‹አልተሠራም› ብንልስ? ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱኝ። «እኔ አውቃለሁ» አሉ።

በማግስቱ ጠበቃዋ መውጫ ጠቆመቻቸው። አነስ ያለ ገንዘብ ተከፍሎ የሚገባ ኢንሹራንስ አለ፤ ምክር ቤቱ ያለ ፈቃድ ተሠራ ብሎ ርምጃ ቢወስድ ወጪውን ይሸፍናል። ነገር ግን አስቀድሞ ለምክር ቤቱ የተናገረ ሰው ኢንሹራንሱን አያገኝም። ጋሼ ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ «ዝም ለማለት ነዋ የምንከፍለው! ሽቦው ቢላላ ኢንሹራንሱ መጥቶ ያጠብቀዋል?» አሉ።

የተመዘገበ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ቤቱን በሙሉ አስመረመሩ። የምርመራው ውጤት የጎደለውን ሰርቲፊኬት አይተካም፤ ሽቦው ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን ለገዢ ይናገራል። የመጣው ወጣት ነው፤ የእኔን ዕድሜ እንኳ አይሞላም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከክፍል ክፍል ተከተሉት። የምጣዱን መስመር ለካና አመሰገነ። ጋሼ ደስ አላቸው። ከዚያ ደረጃው ሥር ገብቶ፣ ከጋዝ ቧንቧው ጋር መታሰር የሚገባው የመሬት ሽቦ መላቀቁን አሳያቸው። በሪፖርቱ ላይ «አደጋ ሊያስከትል ይችላል» ተብሎ ተጻፈ።

ጋሼ ፊታቸው ቀላ። ያን ሽቦ ያሰሩት እሳቸው ናቸው። ወጣቱ መልሶ አጥብቆት ሄደ። ማታ፣ «ሙያውን አላጣሁትም፤ ግን ሙያተኛም ይሳሳታል፤ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል» አሉኝ። ቅጹም ላይ እንዲህ አስጻፉኝ፤ «በ2009 ራሴ ሠርቻለሁ፤ ሰርቲፊኬት የለኝም፤ የምርመራው ውጤት ተያይዟል።» ገዢዎቹ ሪፖርቱን አንብበው ቤቱን ገዙ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱን ለአንባቢ አልደብቅም።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ አዲስ አበባ ያለውን ቤታችንን የማሻሻጡ ኃላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነበር። በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳዋ ይረጥባል፤ ሶኬቱ አጠገብ እጅ ሲያርፍ ይነዝራል። እናታችን «ወደዚያ አትጠጉ» እያለች ነው ያሳደገችን። ባልና ሚስቱ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ዕለት ቁም ሣጥኑን ገፍቼ ሶኬቱ ፊት ያቆምኩት እኔ ነኝ። «ቆጣሪው የራሱ ነው ወይ?» አሉኝ። «የራሱ ነው» አልኳቸው። እውነት ነበር። በዚያ ዓመት ስለ ተጠያቂነት ሁለት መጣጥፍ ጽፌአለሁ።

መስከረም ላይ ተመልሼ ያን በር አንኳኳሁ። ሴትዮዋ አወቀችኝ። የመጣሁበትን በአጭሩ ነገርኳት።

«አይ ወንድሜ!» አለች፤ «እሱንማ ያወቅነው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ልጄን ወርውሮ ጣለው። እግዜር ነው ያተረፈልኝ።» ሠራተኛ ጠርተው የክፍሉን ሽቦ በሙሉ አስነቅለው እንዳስቀየሩ ነገረችኝ። ቀጥላም፣ «ያኔ ብትነግሩን እኮ ቤቱን አንተወውም ነበር፤ የሽቦውን ዋጋ ትቀንሱልን ነበር እንጂ» አለች።

ቡና ቀርቦ ስለነበር ግባ አለችኝ፤ ገብቼ ጠጣሁ። ስወጣ ልጁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስንት ዓመትህ ነው አልኩት።

«ዘጠኝ» አለኝ።

በልቤ አሰላሁ። ያኔ ገና አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።