በቀርሜሎስ ዙሪያ መሬት ለሚፈልጉ ወገኖች

አዲስ ከገቡ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «በሃይፋ አካባቢ ትንሽ መሬት ይዘን፣ በጭቃና በጭድ ቤት ሠርተን፣ ዶሮና ጎመን እያረባንና እየተከልን መኖር አንችልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከባድ ነው። በጎንደር አባቶቻችን በሃይማኖታቸው ምክንያት ርስት ተነፍገው ለዘመናት በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው አርሰዋል። የመሬት አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሬት ቢናፍቅ አያስደንቅም። ነገር ግን ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የአገሩን አሠራር ማወቅ ይገባል።

ከሃይፋ ላይኛው ሰፈር ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው የቀርሜሎስ ተራራ ባዶ መሬት ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው ብሔራዊ ፓርክና ደን ስለሆነ ቤት አይሠራበትም።

በእስራኤል 93 በመቶ ያህሉ መሬት የሕዝብ ነው። የሚያስተዳድረውም ቀድሞ «ሚንሃል» ይባል የነበረው የእስራኤል መሬት ባለሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ሕግ መሠረት ይህ መሬት በጠቅላላው አይሸጥም፤ ለረጅም ዘመን፣ ብዙውን ጊዜ ለ49 ዓመት፣ በኪራይ ይሰጣል። በ2009 የተደረገው ለውጥ በዋናነት የከተማ ቤቶችን የሚመለከት ነው።

ገጠሩን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከሃይፋ ወደ ቤት ሸአን በሚሄደው ባቡር ይሳፈር። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና የተከፈተ ሲሆን የኢዝራኤልን ሸለቆ ያቋርጣል። ከዮቅነዓም ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ በ1921 የተመሠረተችው የመጀመሪያዋ ሞሻቭ ናሃላል ትገኛለች። ቅርጿ እንደ እንጀራ ክብ ነው። መሐሉ የጋራ ቤቶች፣ ዙሪያው መኖሪያ፣ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ ማሳ ነው።

ዛሬ በሃይፋ አቅራቢያ ሙሉ የሞሻቭ ይዞታ መግዛት ለአዲስ ገቢ እጅግ ውድ ነው። አቅም የሚፈቅደው መንገድ በሞሻቭ ግቢ ውስጥ ትንሽ ቤት መከራየት፣ ወይም ራቅ ብሎ በገሊላ ለአዲስ ነዋሪ ቦታ የሚሰጡ መንደሮችን መጠየቅ ነው። በአነስተኛ መንደሮች የቅበላ ኮሚቴ አለ። በ2011 የወጣው ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት መከልከልን ይከለክላል። ስለዚህ «አትመጥኑም» የተባለ ቤተሰብ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ለይግባኝ ሰሚው ኮሚቴም ያመልክት።

የጭቃ ቤትስ? በዓረባ የሚገኘው ኪቡጽ ሎታን በጭድና በጭቃ በሠራቸው ቤቶች ይታወቃል። ሆኖም በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት የጭቃም ቤት ቢሆን ፈቃድና የመሐንዲስ ፊርማ ያስፈልገዋል። ከ1992 ወዲህም አዲስ ቤት በብረትና በሲሚንቶ የተሠራ መጠለያ ክፍል፣ «ማማድ»፣ እንዲኖረው ይጠየቃል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ይፈርሳል።

ወቅቱም ተገላቢጦሽ ነው። በአገራችን ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይወርድ ስለነበር ጭቃ የሚቦካው በኅዳርና በታኅሣሥ ነበር። እዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ዝናብ ነው፤ ግድግዳ የሚደርቀው በሐምሌ ነው። የሃይፋ ዝናብ ከባሕር ነፋስ ጋር በጎን ስለሚመታ የድንጋይ መሠረትና ሰፊ የጣራ ክፈፍ ያስፈልጋል። ጭድ ከጭቃ ጋር ስንት ቀን እንደሚቦካ ግን እናቶቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። «በቅርቡ የግንባታ መሬት ይሆናል» እየተባለ የእርሻ መሬት በርካሽ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ገዢው የሚያገኘው ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር የተቀላቀለ ድርሻ ብቻ ነው፤ ፈቃዱም ለአሥርተ ዓመታት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰቅል እንኳ ከመክፈላችሁ በፊት፦

የመሬቱን ማስረጃ፣ «ነሳኽ ታቡ» የሚባለውን፣ አውጡ።

በአካባቢው የፕላን ኮሚቴ ቀርባችሁ መሬቱ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ።

የሻጩ ያልሆነ ጠበቃ ያዙ።

ያላነበባችሁትን የዕብራይስጥ ወረቀት አትፈርሙ፤ ልጃችሁ ሳይሆን ተርጓሚ ያንብብላችሁ።

እስከዚያው በየሰፈሩ ካሉት የጋራ አትክልት ቦታዎች አንድ መደብ ጠይቁ። ጤና አዳምና ጎመን ለመትከል ርስት አያስፈልግም። ልጆቻችንም የወላጆቻቸው እጅ የሚያውቀውን ሥራ በዓይናቸው ያያሉ።