ከወንበሩ ሥር ያለው ቱቦ

የምንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 22፥8



ከላይ የተጠቀሰው ክፍል ብዙ ጊዜ አይሰበክበትም። ሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን እንኳ ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ብዙ ቀን ቆይተን ምዕራፍ 22ን በአንድ ከሰዓት ነበር ያለፍነው። ሕጉ አጭር ነው፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ ማድረግ አለበት፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ የቤቱ ባለቤት ዕዳ ይሆናል። የዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር። ሰው ይተኛበታል፣ ያወራበታል፤ ረዓብም ሰላዮቹን የደበቀችው ጣሪያዋ ላይ ባሰጣችው ተልባ እግር ውስጥ ነው። በእኛ በቆርቆሮና በሣር ክዳን ላይ ማንም ስለማይወጣ ሕጉ እኛን የሚመለከተን አይመስልም። እኔን ግን ሰሞኑን ይህ ሕግ የያዘኝ የአጥቢያችንን ሚኒባስ የፊት ወንበር አንስተን ሞተሩን ስናይ ነው።

ሚኒባሷ ሰዉ “ዶልፊን” የሚላት የድሮዋ ቶዮታ ሃይኤስ ናት። ዕድሜዋ ከመዘምራኖቻችን ከብዙዎቹ ይበልጣል። የተሳፈራችሁባት እንደምታውቁት ሞተሯ ያለው ከፊት ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ከሾፌሩና አጠገቡ ከሚቀመጠው ሰው ሥር ነው። ወንበሩ ሲነሳ ሞተሩ ይታያል። ይህቺ መኪና መዘምራንን ወደ ገጠር አጥቢያዎች ታደርሳለች፤ ለቀብር የሚሄድ ሰው ትጭናለች፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ይዛ ሆስፒታል ደርሳለች፣ የማን ልጅ፣ የማን ሃይማኖት ሳትል።

ችግሯ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ነበር። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከጉና የሚወርደውን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁላችንም የፈረድነው በብርዱ ላይ ነበር። አንዴ ከተነሳች ቀኑን ሙሉ ደህና ትሄዳለች። ከሥሯ የሚንጠባጠብ ነገር የለም።

መካኒኩ ግን በብርዱ አልተስማማም። በሠላሳዎቹ ያለ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ የእኛ ምእመን ያልሆነ፣ ነገር ግን በሥራው እጅግ የማምነው ሰው ነው። ከናፍጣው ፊልትሮ በኋላ ያለውን ቱቦ ነቅሎ በቦታው አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገባና ሞተሩን አስነሳ። በቱቦው ውስጥ የአረፋ ሰንሰለት ይሄድ ነበር።

“ጋሼ፣ አየር እየሳበች ነው” አለኝ። “የሚንጠባጠብ ቱቦ ደግ ነው፤ ይናገራል። ክፉው ይኼ ነው፤ ምንም አያንጠባጥብም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ የናፍጣ ሞተር ፓምፑ ናፍጣውን ከታንኩ ይስባል። ናፍጣው በብረት መስመርና በጎማ ቱቦ አልፎ፣ በፊልትሮ ተጣርቶ ፓምፑ ይደርሳል። ከፓምፑ ወዲያ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ መስመሩ ወፍራም ብረት ነው። ሞተሩ ያልተጠቀመበት ትርፍ በቀጭን መመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ አካሉ ደግሞ ቆሞ ይቀራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ብረት ብቻ ቢሆን ይሰበር ነበር፤ ስለዚህ መሐል ላይ ጎማ ይገባል። ከፓምፑ በፊት ያለው ጎማ ሲሰነጠቅ ናፍጣው ወደ ውጭ ላይፈስ ይችላል፤ ፓምፑ ስለሚስብ የውጭው አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ሌሊት መኪናዋ ቆማ ስታድር በመስመሩ ያለው ናፍጣ ወደ ታንኩ ይሸሻል። ጠዋት ፓምፑ የሚያገኘው አየር ነው። እኛ ብርድ ነው እንላለን።

የመመለሻው ቱቦ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበረው። ከላዩ አቧራ እንደ ቅባት ተጣብቆበታል። መካኒኩ በሁለት ጣቱ ይዞ ጎንበስ ሲያደርገው ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፤ ከስንጥቁ ናፍጣ እንደ ላብ ወጣ። ከዚያ ቱቦ እስከ ጋለው የጭስ መውጫ ብረት ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይነድም፤ ክብሪት ቢወረወርበት እንኳ ሊያጠፋው ይችላል። በጋለ ብረት ላይ ሲረጭ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ባለፈ ሙቀት ያለ ክብሪት ራሱ ይነዳል። ከወረታ ተነስቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ሰው ሞልታ ስትወጣ ያ ብረት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከላዩ ሾፌሩ አለ፤ ከኋላው መዘምራን አሉ።

ጉዳዩን ለሽማግሌዎች ጉባኤ አቀረብኩ። በእጃችን ያለው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያ የተሰበሰበ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በጸሎት ሕይወቱ የማከብረው ወንድሜ፣ “ፓስተር፣ ይህቺ መኪና እስከ ዛሬ የሄደችው በጸሎት ነው እንጂ በጎማ ነው?” አለ። ግማሹ ጉባኤ አሜን አለ። ንግግሩ ቀልድ አልነበረም፤ ከእምነት የወጣ ነው። እኔም ጌታ ይህቺን መኪና ከብዙ ነገር እንደ ጠበቃት አምናለሁ። በእነዚህ በከበዱ ዓመታት፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ወጥተው የተመለሱ ሁሉ ምስክሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ያ የዘዳግም ሕግ ለማን እንደ ተሰጠ ተመልከቱ። ቀን በደመና፣ ሌሊት በእሳት ዓምድ ለተመራ፣ አርባ ዓመት ልብሱ ላላረጀ ሕዝብ ነው የተሰጠው። እግዚአብሔር ጠባቂያችሁ ነኝ ያለውን ሕዝብ ነው እንጨትና ድንጋይ አምጥተህ መከታ ሥራ ያለው። ለምን ቢሉ፣ ጣሪያው ላይ የሚወጣው ባለቤቱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ባለቤቱ የጣሪያውን ዳር ያውቀዋል። የሚወድቀው እንግዳው ነው፣ ልጁ ነው፣ በጨለማ የወጣው ነው። በሚኒባሷም እንዲሁ ነው፤ የምትሳፈረው ነፍሰ ጡር ወንበሩን አንስታ ቱቦ አታይም። እኛን አምና ነው የምትቀመጠው።

ሰይጣን ጌታን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲለው ጥቅስ ጠቅሶ ነበር፤ መላእክት ይጠብቁሃል የሚለውን። ጌታ የመለሰለት ከዚያው ከዘዳግም፣ አምላክህን አትፈታተን ከሚለው ነው። መላእክቱ አይጠብቁም አላለም። ጥበቃው እንድንዘል የተሰጠን ፈቃድ አይደለም። እኔ በበኩሌ፣ እያወቅን በተሰነጠቀ ቱቦ ላይ እጅ ጭነን ስንጸልይ ከመቅደሱ ጫፍ ብዙም የራቅን አይመስለኝም። ነህምያ የጸለየ ዕለት ዘብም አቁሟል።

በጉባኤው ላይ ሌላም ነገር ተነሣ፤ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር የመጋቢ ሥራ ነው ወይ የሚል። ደብረ ታቦር ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ጋፋትን የረሳ ነው። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ያሰፈሩበት ቦታ ነው። ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ባልንጀሮቹ መጽሐፍ ቅዱስና መዶሻ አብረው ይዘው ነው የመጡት። ንጉሡ ከመጽሐፉ ይልቅ መዶሻውን ወደዱት፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲሄዱ መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎትተውታል። ለወንጌል የመጡ ሰዎች መድፍ ማቅለጣቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ንጉሥን እምቢ ማለት በዚያ ዘመን ምን ዋጋ እንደሚያስከፍልም አልዘነጋም። ነገር ግን በዚህ ምድር ከቀደሙት ፕሮቴስታንቶች መካከል እጃቸው በጥላሸት የጠቆረ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ የእኔ እጅ ናፍጣ ቢሸት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉባኤው በመጨረሻ ተስማማ። ዋጋውም ከአንድ ጥሩ ማይክሮፎን ያነሰ ነበር።

ቱቦ መግዛቱ ራሱ ትምህርት ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ያሳዩን ጥቁር ቱቦ ለዓይን ያማረ ነበር፤ መካኒኩ አገላብጦ አይቶ መለሰው። የውሃ ቱቦ ነው። የውሃ ጎማ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ለነዳጅ የተሠራው ውስጡ ነዳጅ የሚችል ጎማ፣ መካከሉ የክር ሽሩባ፣ ላዩ ሙቀት የሚከላከል ነው፤ ለነዳጅ መሆኑም ላዩ ላይ ይጻፍበታል። የምንፈልገውን ያገኘነው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የሚመላለስ ወንድም ስላለን ነው። ዕቃ ሲጠፋ ያገኙትን ማሰር የተለመደ ነውና ለመኪና ባለቤቶች ሁሉ ይህን አደራ እላለሁ፤ ላዩን አትመኑ፣ የተጻፈበትን አንብቡ።

የተሠራው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ባትሪው ተነቅሎ ነው። ቱቦው በስለት ቀጥ ተብሎ ተቆረጠ፤ በመጋዝ ከተቆረጠ ብናኙ ወደ ውስጥ ገብቶ ፊልትሮ ይዘጋል። በብረቱ አፍ ላይ ያለውን ጉብታ አልፎ እስኪገባ ተገፋ፤ ፋሸታው ከጉብታው ጀርባ ታሰረ። ካቻቢቴውን እኔ ይዤ ስለነበር አጥብቄ ላስረው ስል መካኒኩ እጄን ያዘ፤ “ይበቃል ጋሼ፣ ከጠበቀ ይቆርጠዋል” አለ። ይህን ቃል ለጥቂት ወላጆችና ለጥቂት መጋቢዎች ባስተላልፍላቸው ደስ ይለኛል። ቱቦው የብረት ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ሁሉ ሌላ ወፍራም ጎማ ተሰንጥቆ እንደ ልብስ ተደረገለት፤ ከጭስ መውጫው ርቆ እንዲያልፍም በማያዣ ተያዘ። ከዚያ በፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠጥር ድረስ ተጨቆነ፣ አየሩ ወጣ፣ ሞተሩ ተነሳ።

አሮጌዎቹን ቱቦዎች ጥዬ አልመጣሁም። ማታ እቤት በእጄ እያገላበጥኩ ሳያቸው መዝሙር 119፥83 ትዝ አለኝ፤ መዝሙረኛው ራሱን በጢስ ውስጥ ከተሰቀለ አቁማዳ ጋር ያነጻጽራል። በእናቴ ማድ ቤት ማገር ላይ የተንጠለጠለውን አቁማዳ አስታውሳለሁ፤ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ሲነካ እንደ እንጨት የሚንኳኳ። አቁማዳው ምንም ክፋት አልሠራም። ለረጅም ጊዜ እሳት አጠገብ ነው የኖረው። ይህ ቱቦም ዓመታት ሙሉ ናፍጣ ሲያደርስ የኖረ ነው፤ ያደረቀው አገልግሎቱ ነው። ብዙ አገልጋዮችን አውቃለሁ፤ በቀብሩ፣ በዕርቁ፣ በሌሊት ጥሪው መሐል የኖሩ፤ ከውጭ ሲታዩ ምንም አያንጠባጥቡም፤ እሑድ በሰዓታቸው ይነሳሉ፣ ይሰብካሉ። ጠዋት ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ጸሎት እምቢ ይላቸዋል። እኛም ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው እንላቸዋለን። ማንም ጎንበስ አድርጎ አያያቸውም። መዝሙረኛው በዚያ ድርቀት ውስጥ ሆኖ የያዘው አንድ ነገር ነበር፤ የእግዚአብሔርን ሥርዓት አልረሳሁም ብሏል። ይህን የተናገረው ደርቄአለሁ ብሎ ከተናዘዘ በኋላ መሆኑን አስተውሉ። በሽማግሌዎች ጉባኤም፣ በአገልጋዮች ጸሎትም፣ አንድ ሰው ደርቄአለሁ ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ቦታ እንዲኖረን ለረጅም ጊዜ ስጸልይ ቆይቻለሁ። በሚቀጥለው ወር የአገልጋዮች ስብሰባ ላይ አጀንዳ አድርጌ አቅርቤዋለሁ፤ ያ ስለ ጸሎትና ስለ ጎማ የተናገረው ወንድሜም እኔ እመራዋለሁ ብሏል።

ሚኒባሷ አሁን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። መካኒኩ ከጥቂት ቀን በኋላ ፋሸታዎቹን እንደገና አይቷል፤ አዲስ ጎማ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጥቂት ስለሚላላ ነው። ከእንግዲህ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ወንበሩ ተነስቶ ቱቦዎቹ በእጅ እንዲዳሰሱ ለሾፌራችን ተነግሮታል። ከገዛነው የተረፈ ሁለት ሜትር ያህል የነዳጅ ቱቦ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ከምእመናንም ይሁን ከጎረቤት፣ ዶልፊን ያለውና ጠዋት ጠዋት ብርዱን የሚያማርር ካለ፣ የአሮጌውን ውፍረት ለክቶ ይምጣና ይውሰድ።