በግምት የተበሳ ቀዳዳ

ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ስኖር፥ የልጅ ልጄ የኤሌክትሪክ ጊታር ክፍሎችን ከውጭ አስመጣ፤ አንገቱን፥ መቃኛዎቹን፥ ስድስቱን የብረት ክሮችና ድምፅ ተቀባዩን ማግኔት። ማግኔቱ የክራርን ጅማት አይሰማም፤ ብረት ይሻል። ገላውን እኔ ከዋንዛ ጠረብሁለት፤ የክሮቹን ማረፊያ ቦታ ግን ሳልለካ በግምት በሳሁ።

ክሩ ተቃኝቶ ሳለ በ12ኛው መስመር ላይ ሲጫኑት ድምፁ ከቅኝት ወጣ። «ዕቃው ብልሹ ነው፤ አንተም አታውቅበትም» ብዬ ልጁን ተቈጣሁት። እርሱ ዝም ብሎ ማስመሪያ አመጣ። 12ኛው መስመር ከክሩ እኩሌታ ላይ መዋል ሲገባው፥ በእኔ ቀዳዳ ምክንያት በጣት ያህል ስቷል። «አሥር ጊዜ ለክታችሁ አንድ ጊዜ ቍረጡ» እያልሁ ስንት ዓመት አስተምሬ ነበር!

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ቀዳዳውንም በእንጨት ደፍነን እንደ ገና በሳን። ልጆች ሆይ፥ በእንጨት ላይ የተሠራ ስሕተት በእንጨት ይጠገናል፤ በሰው ላይ የተሠራው ግን አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅን ይሻል።