የሽሮ ሜዳ ክረምት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣት ሁሉ ያርፋል ይባላል። በፊልም የምናየው የባሕር ዳርቻ ፀሐይ፣ ሽርሽርና ጨዋታ የዕረፍት ወራት ምልክት ሆኖ በብዙዎቻችን አእምሮ ተቀርጿል። የእኛ አገር ረጅም የትምህርት ዕረፍት ግን የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። ይህ ዕረፍት ለሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ ምን እንደሚመስል ለማየት እስከ ሽሮ ሜዳ ብቅ ማለት ይበቃል።

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ ይገኛል። በክረምት የጋራው አናት በጉም ይሸፈናል፤ ከባሕር ዛፉ ሥር የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ያጨቀየዋል። ግራና ቀኝ ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ተደርድረዋል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ሸማኔው መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው።

ለዚህ ሰፈር ክረምት ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። እንቁጣጣሽ መስከረም 1፣ መስቀል መስከረም 17 ቀን ስለሚውሉ አዲስ ልብስ ፈላጊው ብዙ ነው። የጋሞ ተወላጆችም መስቀልን በአገራቸው ለማክበር ስለሚጓዙ፣ ሥራው ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ ደብተሩን ያስቀመጠው ወጣት ወዲያው ከሸማ ጉድጓዱ ይገባል። ታናሹ ማጉን በቀሰም ይጠቀልላል። እኅቱ የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች፤ ሱቅ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ምጣዱና ድስቱ ይጠብቋታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደ ወጣትም ውጤቱን የሚጠባበቀው እጁን ሳያሳርፍ ነው።

ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ልጅ የወላጁን ሙያ ይማርበታል፤ ለመስከረም ደብተርና ጫማ ይገዛበታል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሲደነግግ፣ በቤት ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር የለም። ይልቁንም የሴት ልጅ ድካም ከሥራ ሳይቆጠር ያልፋል።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ሽሮ ሜዳ የሚታየው በየቤታችን አለ። ጉልት የሚውለው፣ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ታናናሾቹን የሚያሳድገው ወጣት ብዙ ነው። ከድካሙ ዋጋ ጥቂቷን እንኳ በእጁ እንስጠው። ወንዱም ልጅ ውሃ ይቅዳ፣ ዕቃ ይጠብ፤ እኅቱ መጽሐፍ የምትገልጥበት፣ ከጓደኞቿ ጋር የምትጫወትበት ሰዓት ታግኝ። ድር እንኳ ከልኩ በላይ ሲወጠር ይበጠሳል። መስከረም ሲጠባ ወጣቱ ሌላውን አልብሶ፣ ራሱ ዝሎ ወደ ትምህርት ገበታው እንዳይመለስ ከአሁኑ እናስብበት።